ነጩ ሳህን

ሳህኑ አልጠፋም።

የኩሬ ተቆጣጣሪዋ ከረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ያሰረችውን ነጭ ሳህን በየማለዳው ወደ ውሃው ታወርደዋለች። በደህናው ቀን አንድ ስንዝር ሳይሞላ አረንጓዴው ይውጠዋል፤ እሷም ደስ ብሏት ወደ ሌላ ሥራዋ ትሄዳለች። ዛሬ ግን ሳህኑ ጉልበት ድረስ በሚጠልቀው ኩሬ ወለል ላይ ተቀምጦ ቁልጭ ብሎ ይታያታል። ውሃው አረንጓዴ ነው። እንዲያውም ከወትሮው ይልቅ ያብረቀርቃል። ውስጡ ግን ምንም የለም።

አጎንብሳ አሸተተችው። ቫኒላ ቫኒላ ይላል።

«አይ ድፍረት!» አለች ብቻዋን። ለልጆች አይስክሬም የሚገባውን ቀለም በባልዲ ገልብጠውበታል።

የወተት ፋብሪካው ቆሻሻ ውሃ ወደዚህ ኩሬ መግባት ከጀመረ አራት ዓመቱ ነው። ውስጡ የሚኖረው አልጌ አንድ በአንድ በዓይን አይታይም፤ በሚሊዮን ሲሰበሰብ ግን ኩሬውን እንደ ሾርባ ያወፍረዋል። ቆሻሻውን ይበላል፣ ከፋብሪካው ማሞቂያ በቱቦ የሚመጣለትን ጭስ ይምጋል፣ ፀሐይ ስትበረታ አረፋ እየተፋ ይተነፍሳል። ከላይ እየተገፈፈ ሲደርቅ ደግሞ አረንጓዴ ዱቄት ይሆንና የአትክልት ማዳበሪያ ይወጣዋል። የጠራው ውሃ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ተቆጣጣሪዋን፣ ከኩሬው ስለማትለይ፣ ሠራተኞቹ «እንቁራሪቷ» ይሏታል። ስሙን አልጠላችውም።

ሕጉ አንድ ነበር። የወተት ጋኖቹ የሚታጠቡበት ሶዳ የሚያቃጥል ነገር ስለሆነ በሲሚንቶው ገንዳ ሁለት ቀን ይቆያል፣ ኃይሉ ይበርዳል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ኩሬው ይለቀቃል። ቅዳሜ ግን ምርት ቸኩሏል ተብሎ በቀጥታ ለቀቁት። እሁድ ኩሬው እንደ አመድ ነጣ፣ ሰኞ ሸተተ። ማንም ምን እናድርግ ብሎ አልጠየቃትም። ዛሬ፣ ማክሰኞ፣ አረንጓዴ ሆኖ አደረ።

ስልኳ ጮኸ። አባቷ ነው፤ ከፋብሪካው በታች፣ በዚያው ወንዝ አትክልት ያለማል።

«ልጄ፣ ውሃው ምን ነክቶታል? ሰላጣው ጠርዝ ጠርዙ ተቃጠለ እኮ።»

«አታጠጣ አባዬ። ዛሬ እንዳታጠጣ።»

«አንቺ እያለሽ?» አለ አባቷ። ነቀፋ አልነበረበትም፤ ግራ ገብቶት ነው የጠየቀው። ፋብሪካው ሲከፈት ጎረቤቶቹ ሁሉ ሲፈሩ፣ ውሃውን የምትጠብቀው ልጄ ናት ብሎ ያረጋጋቸው እሱ ነበር። ሥራ አስኪያጁን ማናገር አለባት። ስልኩን ዘጋችው።

ሥራ አስኪያጁን ያገኘችው እዚያው ኩሬው አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍሏ በር ላይ ነው። አዲስ ከረባት አስሯል። በመስኮቱ ደፍ ላይ ለዘር ያስቀመጠችው ትልቅ ጠርሙስ አለ፤ ውስጡ ያለው አልጌ ወፍራም ነው፣ ሕያው ነው።

«ሃያ ቀን ይስጡኝ» አለችው ጠርሙሱን እያሳየችው። «ዘሩ ይኸው። ሶዳውን ብቻ ያቁሙልኝ፣ መልሼ አሳድገዋለሁ።»

«የፍሳሽ ፈቃድ የሚሰጡት እንግዶች ከአንድ ሰዓት በኋላ ይደርሳሉ፣ አንቺ ሃያ ቀን ትይኛለሽ? ዛሬ ፈቃዱን ከፈረሙ ለአምስት ዓመት የሚመረምረን የለም፣ ተገላገልን። ገንዳ የለ፣ ሁለት ቀን ጥበቃ የለ።»

«ኩሬው እኮ ሞቷል!»

«አረንጓዴ አይደለም እንዴ? የሚያዩት እሱን ነው። አንቺ ዛሬ አፍሽን ያዢ። አንዲት ቃል እንዳልሰማ!»

ደሟ ፈላ። ውሸቱ ብቻ አልነበረም ያንገበገባት። ንቀቱ ነው። አራት ዓመት ከሙቀትና ከብርድ ስትከላከልለት የኖረችውን ነፍስ በአንድ ባልዲ ቀለም ተኩት፤ ማንም ልዩነቱን አያውቅም ብለውም አመኑ። ከታች ሰላጣው የሚቃጠለው ሰውስ? እሱ ደግሞ ጭራሽ አልታሰበም። አምስት ዓመት!

እንግዶቹ ሦስት ነበሩ። መሪያቸው ጸጉራቸው የሸበተ ሴት መርማሪ ናቸው፤ ባለፈው ዓመትም መጥተው ነበር። ሥራ አስኪያጁ በኩሬው ዳር እየተንጎራደደ ያስረዳቸዋል። «ቆሻሻውን ይበላል፣ ጭሱን ይምጋል» ይላል እጁን ዘርግቶ። የተቆጣጣሪዋን የራሷን ቃል ነው የሚደግመው፣ አንድ በአንድ፣ ሳያፍር። ሁለቱ ወጣቶች ፎቶ ያነሳሉ። ሴትዮዋ ወረቀታቸውን በክንዳቸው ላይ ዘርግተው እስክሪብቷቸውን አወጡ።

ተቆጣጣሪዋ አፏን እንደያዘች እንጨቱን አነሳችና በሁለት እጇ ለሴትዮዋ አቀበለቻቸው።

መርማሪዋ መጀመሪያ ግር አላቸው። ከዚያ እንጨቱ ላይ ያለውን ቀይ መስመር አዩ። ባለፈው ዓመት ሳህኑ የጠፋበትን ጥልቀት ያሰመሩት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ። እስክሪብቷቸውን ኪሳቸው ከተቱና ሳህኑን ቀስ ብለው አወረዱት። ቀዩ መስመር ውሃ ገባ። ሳህኑ ይታያል። አሁንም አወረዱት፣ አሁንም ይታያል። በመጨረሻ የኩሬውን ወለል ኳ ሲያደርግ ሁሉም ሰማው።

ፎቶ ማንሳቱ ቆመ።

«ይሄ አረንጓዴ» አሉ ሴትዮዋ ቀና ሳይሉ፣ «ከምን የመጣ ነው?»

ሥራ አስኪያጁ ሳቀ። አብሮት የሚስቅ ሲያጣ ከረባቱን ላላ አደረገ፣ ኩሬውን አየ፣ እንጨቱን አየ። ከዚያ እንግዶቹ ከመጡ ወዲህ ዞር ብሎ ወዳላያት ተቆጣጣሪ ፊቱን መለሰ።

«ምን ዝም ትያለሽ? ንገሪያቸው እንጂ!» አላት።

እሷም አፏን ከፈተች።