ሁለት ሳጥን፣ ወደታች

እንግሊዝኛ ማንበብ የምማረው ጄን ኤንድ ፊንች በሚባለው ሰፈር፣ ከቤታችን ሁለት ፌርማታ አልፎ ባለው ላይብረሪ ነው። አንድ ማክሰኞ አስተማሪያችን ሚስ ፖሌት ሰብዌይ ባቡር ውስጥ በነፃ ከሚታደለው ጋዜጣ ላይ መስቀለኛ ቃላት እየቀደደች ሰጠችን። የመጀመሪያው ፍንጭ «ልጅ ያላት ሴት» ይላል፤ ስድስት ሳጥን። እኔ ደግሞ በእንግሊዝኛ ከመጻፌ በፊት ድምፁን በአማርኛ ማስፈር ልማዴ ነው። «ማዘር» ብዬ በፊደል ጻፍኩና ሦስት ሳጥን ተረፈኝ።

የተረፉትን ባዶ መተው አልሆነልኝም፤ በየአንዳንዳቸው ላይ ሰረዝ አደረግኩባቸው። ካናዳ ልንመጣ ስንል ፎርም የሞላልን ሰው፣ «ባዶ ሳጥን ካዩ ፋይሉን ይመልሱታል» ብሎን ነበር። ከዚያ ወዲህ የጥርስ ሐኪም ፎርም ላይ እንኳ ባዶ ቦታ ትቼ አላውቅም።

ሚስ ፖሌት አየችና፣ «ፊደላችሁ ቆጣቢ ነው» አለች። ቀጥላ ግን ኮስተር ብላ፣ «እሌኒ፣ ይሄ ፎርም አይደለም። ያላወቅሽውን ተይው። እሱን የሚያቋርጠውን ሥሪና ተመለሽ» አለችኝ። ያን ቀን «ረን» የሚለውን አንድ ቃል ብቻ ይዘን ዋልን፤ ሰው ይሮጥበታል፣ ቧንቧ ይፈስበታል፣ አፍንጫም ይፈስበታል፣ ሱቅም ይተዳደርበታል። አንድ ቃል ይህን ሁሉ ከተሸከመ እኔ መቼ እጨርሳለሁ ብዬ አውቶቡስ ውስጥ ስጨነቅ መጣሁ።

በማግስቱ ከልጄ ከብሩክታዊት ትምህርት ቤት ደብዳቤ ደረሰኝ። ድሮ ቢሆን የምታነብልኝ እሷ ናት። የባንክም፣ የሕንፃው ማኔጅመንትም፣ የሐኪምም ነገር በእሷ አፍ ነው ወደ እኔ የሚመጣው። ይህን ግን የማውቃቸውን ቃላት በእርሳስ እያሰመርኩ ብቻዬን አነበብኩት። ሐሙስ። ጠዋት። አልተገኘችም። ሰባት ጊዜ።

ጃኬቷን አሸተትኩ። ቦርሳዋን በረበርኩ፤ ከሂሳብ ደብተርና ከግማሽ ማስቲካ በቀር ምንም የለም። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ከፋሲካ ወዲህ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሯን ትዘጋለች፤ ሳናግራት «አይ አም ፋይን» ትላለች። እንዳታመልጠኝ ፈራሁ። በቀጥታ ብጠይቃት እንደምትዘጋብኝ ስለማውቅ የሚያቋርጠውን መንገድ ፈለግኩ።

ከሰዓት በኋላ በአማርኛ መስቀለኛ ቃላት ሠራሁ። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የቆጠርኩትን ፊደል እንዲህ እጠቀምበታለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ስትመጣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ገፋሁላት።

«ማሚ፣ ሲሪየስሊ?»

«አንድ ብቻ። ሁለት ሳጥን፣ ወደታች። ለታጋሽ ሰው ሰፊ ነው ይባላል። ቶሎ ለሚከፋው ባሻ ነው። ሲጨነቁ ባር ባር ይላል። ምሥጢር ይቀመጥበታል።»

«ኢዚ። ሆድ።» ፈገግ ብላ ጻፈችው። እስክሪብቶው ግን ከወረቀቱ አልተነሣም። «ማሚ፣ ምሥጢር እስከ መቼ ነው የሚያዘው?»

«እንደ ምሥጢሩ ነዋ።»

«የራሱ የሰውዬው ቢሆንስ? እሱ ራሱ ባያውቀውስ?»

ደብዳቤውን ከኪሴ አውጥቼ አጠገቧ አኖርኩት። ያሰመርኩባቸውን ቃላት አንድ በአንድ አየቻቸው።

«አነበብሽው?»

«የቻልኩትን።»

ከዚያ ነገረችኝ። ከሕንፃችን ስምንተኛ ፎቅ የሚኖሩት እማማ አሰፋሽ፣ ልጃቸው ዘርይሁን ለሥራ አልበርታ ከሄደ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ሐሙስ ሐሙስ ለሕክምና ሆስፒታል የምታደርሳቸው ብሩክታዊት ናት።

«በስልክ አስተርጓሚ እንጥራ ሲሏቸው እምቢ አሉ» አለች። «ሐበሻ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ይወራል አሉ። ለእናትሽም እንዳትነግሪ አሉኝ። እኔ ትራንስሌት አደረግኩ። ከዛ ሐኪሙ መድኃኒቱ መሥራት አቁሟል አለ። የቀራቸው ምናልባት አራት ወር ነው አለ።»

«አንቺ ምን አልሻቸው?»

«መድኃኒት እንቀይራለን ብሏል አልኳቸው።» አለቀሰች። «እሳቸው ደስ አላቸው፣ ማሚ። ቲም ሆርተንስ ቡና ቤት ወስደው ዶናት ገዙልኝ።»

ልቆጣ አፌን ከፍቼ ነበር፤ መልሼ ዘጋሁት። የአባቴን ሞት ያረዱኝ አርባው ካለፈ በኋላ ነው። እኔም ያንን እንደ ደግነት ቆጥሬ ለልጄ አውርቼላታለሁ። ክፉ ወሬ በድንገት አይነገርም እያልኩ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። «የሚነበብ ካለዎት ብሩክታዊትን ይጥሯት» ብዬ ለእማማ አሰፋሽ የሰጠኋትም እኔው ነኝ። ባዶ ሳጥን አትተዪ ተብላ ያደገች ልጅ ሐኪሙ ፊት የምትለው ሲጠፋት በመሰላት ሞላችው። አምስት ሳምንት ብቻዋን ተሸክማዋለች።

«ከእንግዲህ የእኔ ነው» አልኳት። «ሐሙስ ትምህርት ቤት ትሄጃለሽ።»

ሊፍቱን እየጠበቅኩ ምን ብዬ እንደምጀምር አስብ ነበር። እማማ አሰፋሽ በሩን ከፈቱና ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ተማሪዋ መጣሽ? ደብተርሽስ?»

«ዛሬ አልያዝኩም፣ እማማ። ይቀመጡ።»

«ቁጭ በይ ያለኝ ሁሉ ደግ ነገር ነግሮኝ አያውቅም» አሉና ተቀመጡ።

ልጅቱ የነገረችኝን ሳልቀንስ ነገርኳቸው። እሳቸው ነጠላቸውን ጭናቸው ላይ አጣጠፉት፤ ፈቱት፤ እንደገና አጣጠፉት።

«ያን ቀን ሐኪሙ ብዙ ተናገረ» አሉ በመጨረሻ። «እሷ የነገረችኝ ግን አጭር ነበር። እንዴት አጠረ ብዬ አልጠየቅኳትም። መጠየቅ ነበረብኝ።» ቀና ብለው አዩኝና፣ «ልጅቷን ጎዳኋት?» አሉኝ።

«እኔም ጎድቻታለሁ፣ እማማ።»

«እንዳትቆጪያት። ለዘርይሁን እኔው ራሴ እነግረዋለሁ። ነገ ግን አንቺ ነሽ የምትሄጅልኝ።»

«የእኔ እንግሊዝኛ እኮ ገና ነው። አስተርጓሚ ቢጠሩልን ይሻላል።»

«መጀመሪያ አንቺ ሞክሪ። ያልገባሽ ከበዛ ይጥሩልን፤ ቤተ ክርስቲያንም ያውራ። እኔ የምለምንሽ አንድ ነው፤ ያልገባሽን ከራስሽ አትሙይልኝ።»

ሐሙስ ጠዋት ብሩክታዊትን ትምህርት ቤት በር ድረስ ሸኘናት። እማማ አሰፋሽ ግንባሯን ሳሟት።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ፈጥኖ ይናገራል። ደብተሬን ከፍቼ፣ ስንት ጊዜ ደጋግሜ የተለማመድኩትን ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ አልኩት፤ «ይህ አልገባኝም፣ በቀላል ቃል ይንገሩኝ።» አየኝና ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። እንደገና ጀመረ። ሦስት ጊዜ አስቆምኩት። ያወቅኩትን ጻፍኩ፤ ያላወቅኩት ቦታ ላይ እጄ ሰረዝ ሊያደርግ ሲል ያዝኩት።

እማማ አሰፋሽ አፌን ያያሉ።

«አምስት ነገር ተናግሯል» አልኳቸው። «ሦስቱ ገብቶኛል። ሁለቱን አላውቃቸውም፤ አስተርጓሚ ይጠራልን ብዬዋለሁ።»

«ይጥራ» አሉና ወንበራቸውን አስጠጉ። «እስከዚያ ሦስቱን ንገሪኝ።»