ባለ ሦስት ፎቁ ኬክ

"ጋሽ ገነነ፣ ኧረ ዓይንዎን ይግለጡ! እርስዎ ከጨፈኑ ኬኩን ማን ያየዋል?" አለች ናዝራዊት፣ መሪውን በሁለት እጇ አንቃ።

"ኬኩን አያለሁ ልጄ። መንገዱን ግን አላይም።"

ጋሽ ገነነ ፒያሳ ኬክ ሲጋግሩ ሠላሳ ዓመት ሆኗቸዋል። አሁን ከትንሿ መኪና ኋላ ወለሉ ላይ ተቀምጠው፣ ባለ ሦስት ፎቁን የሠርግ ኬክ እንደ አራስ ልጅ አቅፈዋል።

ጥፋቱ የተስፋሁን ጥርስ ነው። የኬክ ቤቱ ሾፌር ተስፋሁን ጠዋት መንጋጋውን ተነቅሎ፣ ጉንጩ ዳቦ አክሎ መጣ። የኬክ ቤቱ ባለቤት ወይዘሮ የሺዓለም ባንኮኒው ላይ ወደምትሸጠው ናዝራዊት ዞሩ።

"ናዝራዊት፣ አንቺ መንጃ ፈቃድ አለሽ አይደል? ሙሽሮቹ በሰባት ሰዓት ኬክ ይቆርሳሉ።"

"እትዬ፣ ፈቃዱስ አለኝ። መንዳቱ ነው የሌለኝ።"

እውነቷን ነው። መንጃ ፈቃዷን ባወጣች በሳምንቱ፣ የአጎቷን መኪና ይዛ ቴዎድሮስ አደባባይ ገብታ መውጫ አጣች። የሚያስወጣት ሰው ጠፍቶ ስድስት ጊዜ ዞረች። በአራተኛው ዙር ትራፊክ ፖሊሱ ሰላም አላት። በስድስተኛው ጠጋ ብሎ፣ "እህቴ፣ እዚህ ቤት ተከራየሽ እንዴ?" ሲል ጠየቃት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ መንጃ ፈቃዷን ከቦርሳዋ የምታወጣው ባንክ ስትሄድ፣ በመታወቂያ ፈንታ ለማሳየት ብቻ ነው።

አሁን የፒያሳን ቁልቁለት በአንደኛ ማርሽ ተንፏቃ ወረደች። ከኋላዋ የጥሩምባ ሰልፍ ተከትሏታል። ራስ መኮንን ድልድይን ተሻግራ የአራት ኪሎን ዳገት ስትጀምር ግን ፊቷ ያለው መኪና ሁሉ ቀጥ አለ። እሷም ቆመች። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ፍሪሲዮኑን ለቀቀች፤ ሞተሩ ጠፋ። አስነሳች፤ ደግሞ ጠፋ። መኪናዋ አንድ ክንድ ወደ ኋላ ተንሸራተተች።

ከኋላ ያለው ታክሲ ረዳት አንገቱን በመስኮት አወጣ። "እሙዬ፣ አራት ኪሎ ወደ ፊት ነው!"

"ልጄ" አሉ ጋሽ ገነነ በቀጭን ድምፅ፣ "ሦስተኛው ፎቅ ዘመመ።"

ናዝራዊት መሪውን ለቀቀች። መኪናዋን ጥላ ልትሄድ ፈለገች፤ ግን ኬኩን ምን ታድርገው? የእጅ ፍሬኑን ጎትታ ወረደችና በቀጥታ ወደ ታክሲው ሾፌር ሄደች።

"ወንድሜ፣ እኔ ዳገት እፈራለሁ። ካልራቅክልኝ እመታሃለሁ። ከኋላ ደግሞ የሰው ሠርግ ይዣለሁ።"

ሾፌሩ መሳቅ ጀምሮ፣ በመኪናዋ የኋላ መስኮት በኩል ጋሽ ገነነን ከነኬካቸው ሲያይ ሳቁን ዋጠው። "ኢህሳን፣ ውረድ! መንገዱን ዝጋው!"

ረዳቱ ኢህሳን ዘሎ ወርዶ እጆቹን ዘረጋ። "ሠርግ ነው! ሠርግ ነው! ወደ ኋላ በሉ!"

መኪኖቹ እያጉረመረሙ አፈገፈጉ። ናዝራዊት ተመልሳ ገባች። ፈራሁ ብላ አፍ አውጥታ ለሰው ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር፤ ደረቷ ቀለል ብሏታል። ሞተሩን አስነስታ ፍሪሲዮኑን ቀስ እያለች ለቀቀች። የሞተሩ ድምፅ ሲወፍርና መኪናዋ ወደ ፊት ልሂድ ልሂድ ስትል፣ የእጅ ፍሬኑን አወረደችው። ከእግረኛ መንገዱ ሽንኩርት የሚሸጡ ሴቶች እልል አሉ።

"ቆምን እንዴ?" አሉ ጋሽ ገነነ።

"እየሄድን ነው!"

"ታዲያ ለምን አልተናጥንም?"

ሥላሴ አጠገብ ካለው አዳራሽ የደረሱት ለሰባት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ነው። የሙሽራዋ እናት ዘመም ያለውን ኬክ አንገታቸውን አዘንብለው ተመለከቱት።

"ይሄ ነገር... እንዲህ ነው የሚሠራው?"

"የጣሊያን ስልት ነው እመቤቴ" አሉ ጋሽ ገነነ፣ ጣታቸው ላይ የቀረውን ክሬም እየላሱ።

ናዝራዊት ስትወጣ የአዳራሹ ዘበኛ መኪናዋ አጠገብ ቆሞ ጠበቃት። ግቢው በእንግዳ መኪና ተሞልቶ፣ መውጫው ጠቦ፣ ግራና ቀኙ የአበባ ማሰሮ ተደርድሮበታል።

"እህት፣ በኋላ ማርሽ ነው የሚወጣው፤ ለሴት ይከብዳል። ቁልፉን ስጪኝ፣ እኔ ላውጣልሽ።"

ቁልፉን ዘረጋችለት። ሊቀበላት ሲል መዳፏን መልሳ ጨበጠች።

"አንተ" አለችው፣ በሩን እየከፈተች፣ "ማሰሮዎቹን ብቻ ዞር አድርግልኝ።"