የሁለታቸው አማካሪ

ተስፋነሽ የመጀመሪያ ልጇን በወሊድ ካጣች ወዲህ ከባሏ ከዕንባቆም ጋር በቅጡ ተጫውታ አታውቅም። አይጣሉም። እሱ ከአጋሮ ጅማ ቡና የሚያመላልስ አይሱዙ ይነዳል፤ እሷ በቾ ቦሬ በሚባለው የጅማ ሰፈር አፊፋ ከምትባል ሴት ጋር ልብስ ትሰፋለች። ሲመሽ ይገናኛሉ፣ ራት ይበላሉ፣ እሱ ይጸልያል፣ እሷ «አሜን» ትላለች። ከዚያ እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው፣ እሱ ወደ በሩ አዙረው ይተኛሉ።

አንድ እሁድ ከአምልኮ ሲመለሱ ተስፋነሽ መንገድ ላይ ቆመች።

«እንዲህ ሆነን መኖር አልቻልኩም። የሚያማክረን ሰው እንፈልግ።»

ዕንባቆም ደነገጠ። «ልትተዪኝ ነው?»

«ልተውህ ብፈልግማ አማካሪ ምን ያደርግልኛል?»

ትንሽ አሰበ። «እሺ። ግን ጌታን የሚያውቅ ሰው ይሁን።»

«እኔስ ሌላ መች አልኩ።»

ለዕንባቆም ወዲያው የታዩት ጋሽ ሣህሉ ናቸው። የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ከሆሳዕና ሥራ ፍለጋ ሲመጣ ቤታቸው ያስጠጉት፣ ተስፋነሽንም ከቤተሰቦቿ የጠየቁለት እሳቸው ነበሩ። ተስፋነሽ ይህን ስታስብ ልቧ ከበደ። ስለ ጋሽ ሣህሉ ክፉ የምትለው የላትም። ግን ለባሏ እንደ አባቱ ናቸው፤ እሳቸው ፊት ስለ እሱ ምን ብላ ትናገራለች? ያም ሆኖ እሺ ያለውን ሰው እንዳታስከፋው ብላ ሄደች።

ጋሽ ሣህሉ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ባለው ቤታቸው በደስታ ተቀበሏቸው። ሻይ አስቀረቡ፣ ጸለዩ፣ ከዚያም ተስፋነሽ አፏን ሳትከፍት እሳቸው ጀመሩ።

«ልጄ፣ ያለፈውን ለጌታ መስጠት ነው። ቤትሽን በለቅሶ አትሙዪው። ባልሽ ደክሞት ሲገባ በፈገግታ ተቀበዪው። ጌታ ሌላ ይሰጣችኋል። ያ ነገር ከሆነ እኮ ቆየ።»

ተስፋነሽ የሻርፗን ጫፍ ጨበጠች። «እሺ ጋሼ» ልትል ስትል የዕንባቆም ድምፅ ቀደማት።

«ጋሼ፣ ያ ነገር አይደለም። ልጅ ነው።»

«ልጅማ ነው፤ እኔ ምን አልኩ...»

«ስም ነበረው። ሲሞን ብዬው ነበር።»

ተስፋነሽ ዞራ አየችው። ልጇ ስም እንዳለው አታውቅም ነበር። ዕንባቆም እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወለሉን ያያል፤ ጉንጩ ርሷል። ሲያለቅስ አይታው አታውቅም።

ጋሽ ሣህሉ ስኒያቸውን አስቀመጡና «ይህ ከእኔ አቅም በላይ ነው፣ ልጆቼ» አሉ። «ያስከፋኋችሁ ከሆነ ይቅር በሉኝ።» እስከ በራፍ ድረስ ሸኟቸው።

ባጃጅ ውስጥ ተስፋነሽ «ሲሞን?» አለች፣ የስሙን ድምፅ እንደምትሞክረው ሁሉ።

«ሲሞን።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ስሙን ስትሰሚ የባሰ የሚያምሽ መሰለኝ።»

እጁን ያዘችው። ሰፈራቸው እስኪደርሱ አልለቀቀችውም።

በማግስቱ ለአፊፋ ሁሉን ነገረቻት። አፊፋ መቀሷን አስቀመጠች።

«አጋሮ፣ እናቴ ሰፈር፣ ጸጋ የምትባል የእናንተው አማኝ አለች። ባልና ሚስት ማማከር ተምራ ነው የምትሠራው። የእኛም ሰዎች ይሄዱባታል። አይዞሽ፣ ጀባዱ፣ በርቺ። አላህ ያግራላችሁ።»

በዚህኛው ግን አልተቻኮሉም። መጀመሪያ ደወሉላት፤ አልጋቸው ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገው።

«የምንነግርዎትን ለቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ይነግሩብናል?» ስትል ተስፋነሽ ጠየቀች።

«አልናገርም» አለች ጸጋ። «የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ካልወደቀ በቀር። ያኔም እናንተን ሳላሳውቅ አላደርገውም።»

ዕንባቆም ጉሮሮውን ጠረገ። «ይጸልያሉ?»

«እጸልያለሁ። ግን መጀመሪያ እሰማለሁ። ሳልሰማ ስለ ምን ብዬ እጸልያለሁ?»

«ጥፋተኛው ማን እንደሆነስ ይፈርዳሉ?» ተስፋነሽ ናት።

«እኔ ዳኛ አይደለሁም፣ እህቴ። ካልተመቸኋችሁም ሌላ ሰው ፈልጉ፤ አልቀየምም።»

ስልኩ ሲዘጋ ተያዩ።

«እሷ ፊት ማልቀስ ትችያለሽ?» አለ ዕንባቆም።

«የምችል ይመስለኛል። አንተስ?»

«እኔማ ጋሽ ሣህሉ ቤት ጀምሬዋለሁ» ብሎ ሳቀ። እሷም ሳቀች።

በቀጠሮው ቀን አጋሮ ሄዱ። ጸጋ መነጽር ያደረገች፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ወንበራቸውን እርስ በርስ እንዲተያዩ አድርጋ አስቀመጠቻቸውና «ያን ቀን እያንዳንዳችሁ የት ነበራችሁ?» ብላ ጠየቀች።

ተስፋነሽ ሆስፒታል አልጋ ላይ ነበረች። ልጇን ሳታየው ወሰዱት። ዕንባቆም ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ወንድሞች ጋር ሆኖ ቀበረው።

«የት?» አለች ተስፋነሽ። ይህን ጠይቃው አታውቅም።

«ጠይቀሽኝ አታውቂም።»

«አንተስ መች ነገርከኝ?»

ጸጋ በመሀላቸው አልገባችም። ሶፍት አቀረበችላቸውና ጠበቀች።

ከዚያ በኋላ ደጋግመው ሄዱ። አንዳንዴ ተቀያይመው፣ እስከ ጅማ ድረስ ሳይነጋገሩ ይመለሱ ነበር። ቀጠሮው ሲደርስ ግን ሁለቱም ተነስተው ይለብሳሉ።

ክረምቱ ሲያልፍ ዕንባቆም ወደ መቃብሩ ወሰዳት። ሣሩ አድጎ ትንሿን የአፈር ጉብታ ሸፍኗት ነበር። ተንበርክኮ መንቀል ጀመረ፤ እሷም በወዲያ በኩል ጀመረች። አፈሩ ሲታይ እጇን ዘርግታ ነካችው።

«ምን ይመስል ነበር?»

«ጆሮው ያንቺ ነው፤ ትንሽ ወጣ ያለ። ጸጉሩ ብዙ ነበር፣ ልክ እንደ አባቴ። የተኛ ነበር የሚመስለው።»

ተስፋነሽ አልቅሳ እስኪወጣላት ጠበቃት። ከዚያ ተነስታ ወደ እሱ መጣችና አጠገቡ ሣሩ ላይ ተቀመጠች።

«እንደገና ንገረኝ» አለችው።

ዕንባቆም ከጆሮው ጀመረ።