የጉች ማሳ በር

ከአሥራ አምስት ዓመቴ በኋላ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ስለዚህ ፍሬያ ሻንጣዋን ይዛ የጓሮ ክፍሌን ልትከራይ ስትመጣ፣ "ምን ትማሪያለሽ ልጄ?" ብላት፣ "የአሜሪካ ጥናትና ዓለም አቀፍ ግንኙነት፣ ከሥራ ልምድ ጋር" አለችኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የገባኝ "ሥራ" የምትለዋ ብቻ ነበረች።

"እሱን እንኳ አውቀዋለሁ" አልኳት። "እህል ቀምሰሻል?"

አባቷ ግሪምዝቢ ወደብ ላይ ዓሣ የሚያራግፍ ሰው ነው። ከቤተሰቡ ዩኒቨርሲቲ የገባች የመጀመሪያዋ እሷ ናት። ኖሪች ሁለት ዓመት ተምራ፣ ሦስተኛውን ዓመት ሥራ ላይ ልታሳልፈው ነበር። ለንደን ላሉ ሰባት ቢሮዎች ጽፋ ሰባቱም እምቢ ሲሏት፣ ስምንተኛውን ደብዳቤ ለእኛ የአውሮፕላን መቆጣጠሪያ ማማ ላከች።

ማማችን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካውያኑ አውሮፕላን የሚያስነሡበትና የሚመለሱትን የሚቆጥሩበት ነበር። ዛሬ ትንሽ ሙዚየም ሆኗል። እኔ ትኬት እቆርጣለሁ፣ ኬክ እጋግራለሁ። ሊቀመንበራችን ሬጅ ላርተር፣ የቀድሞው የፖስታ ቤት ኃላፊ፣ ቁልፉን ይይዛል፤ ሁሉንም ነገር የሚያውቀውም እሱ ነው፣ እሱን ከጠየቃችሁ። ፍሬያን ለአንድ ወር ሙከራ ተቀበላት። ወሩ ሲያልቅ ወረቀቷ ላይ ይፈርማል፤ ወረቀቱም እስከ ዓርብ ዩኒቨርሲቲው መድረስ አለበት። ካልደረሰ ያቺ የለፋችለት የሥራ ዓመት ቀረች፤ ተመልሳ ክፍል ትገባለች።

ሰኞ ዕለት ሬጅ ኬኬን እየገመጠ፣ "ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ ግን ለምን እንደምትሆነን እንጃ" አለኝ።

"እዚሁ ነኝ እኮ፣ ሚስተር ላርተር" አለች ፍሬያ ከመሰላሉ ላይ።

"እዚህ ከሆንሽማ ይህችን ተቀበይ" ብሎ አንድ ደብዳቤ ሰጣት።

ደብዳቤው ከአሜሪካ፣ ከነብራስካ ነበር። ካርሊን ኦስትሮም የምትባል የሰማንያ አንድ ዓመት ሴት ጽፋዋለች። አብራሪ አባቷ በጦርነቱ ከዚህ ተነሥቶ አልተመለሰም፤ እሷ የተወለደችው ከአራት ወር በኋላ ነው። ሐሙስ ትመጣለች። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አባቷ ለመጨረሻ ጊዜ መሬት የለቀቀበት የአውሮፕላን መንደርደሪያው ጫፍ ላይ መቆም።

ያ ጫፍ ያለው ደግሞ ክላይቭ ጉች ማሳ ውስጥ ነው። ገበሬው ክላይቭ ለማንም የማሳውን በር ከፍቶ አያውቅም። ሬጅ ለሃያ ዓመት ጠይቆታል።

"የክላይቭን በር አስከፍቺ" አላት ሬጅ፣ "ያን ቀን እፈርማለሁ።"

ማክሰኞ ፍሬያ ሦስት ገጽ ጽፋ ሄደች። እኔም አብሬያት ሄድኩ፤ የክላይቭ ውሻ ያውቀኛል። ክላይቭ በሩ ላይ ተደግፎ ጠበቀን።

"ያ ምንድን ነው?"

"ሐሳቤን ጽፌው ነው፣ ሚስተር ጉች።"

"አንብቢዋ።"

አነበበች። የሁለት ሕዝቦች የጋራ ታሪክ፣ የወዳጅነት ድልድይ፣ ብዙ ብዙ ነገር። እኔ ከመካከሉ ዝናቡን ማየት ጀመርኩ። ክላይቭ ግን እስከ መጨረሻው አዳመጣት።

"ጨረስሽ?"

"ጨርሻለሁ።"

"ጥሩ ድምፅ አለሽ። አይሆንም።"

ተመለስን። ታለቅሳለች ብዬ መሐረቤን አዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን እየፈጠነች ትራመዳለች።

"አክስቴ ዶሪን፣ አልተቆጣም እኮ! ሳይቆጣ እምቢ የሚል ሰው የያዘው ነገር አለ። አልጠየቅኩትም፤ ሦስት ገጽ ሙሉ እኔው አወራሁ።"

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ማማው ውስጥ ካርታ የሚቀመጥበትን ሣጥን ገለበጠችው። እኔ ድስት ሳጥብ ጠራችኝ። ከጦርነቱ በፊት የተሠራ የመንደራችን ካርታ ነው።

"እዚህ ጋ ቤት ነበረ?"

ጣቷ ያረፈው የመንደርደሪያው ጫፍ ላይ ነበር።

"የጉቾች ቤት" አልኳት። "መንግሥት በሁለት ሳምንት ልቀቁ አላቸው። እናቴ ስትነግረኝ፣ የክላይቭ አያት ሊጡን ከነቡሃቃው ጋሪ ላይ ጭና ወጣች። ቤቱን አፍርሰው ኮንክሪት አፈሰሱበት።"

ፍሬያ ዞር ዞር ብላ ግድግዳዎቻችንን አየች። አብራሪዎቹ አሉ፤ ጫማቸው አለ፤ የጠጡበት ኩባያ እንኳ በመስተዋት ውስጥ አለ።

"የጉቾች ፎቶ የትኛው ነው?"

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን ሙሉ እዚያ ኖሬ፣ ሃያ ዓመት ትኬት ቆርጬ፣ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። እኔም አልጠየቅኩም። ክላይቭ የቀረውን መንደርደሪያ ሁሉ ሰብሮ ለመንገድ ሥራ ሲሰጥ ያቺን ጫፍ ያልነካት ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። እኛ እኮ ለፍግ መቆለያ ይመስለን ነበር!

ፍሬያ ስልኩን አንሥታ ነብራስካ ለካርሊን ደወለች። ስለ ቤቱ፣ ስለ ጋሪው፣ ስለ ሊጡ ሁሉንም ነገረቻት። ሴትየዋም "እኛም ገበሬዎች ነን" አለች። "እንግዲያው መጠየቅ ያለብኝ እኔ ነኝ።"

ሐሙስ ጠዋት ሬጅ ከረባት አስሮ፣ ባንዲራ ተሸክሞ መጣ።

"ሚስተር ላርተር፣ ዛሬ እርስዎ መኪናው ጋ ይቆያሉ" አለችው ፍሬያ።

"እኔ? ሊቀመንበሩ?"

"ሊቀመንበሩ። ባንዲራውም።"

እኔ ሳቄን በስካርፌ ሸፈንኩ። ሬጅ ግን ቆየ።

ካርሊን ትንሽ፣ ቀጥ ያለች ሴት ናት። በሩ ጋ ስትደርስ እጇን እንኳ አላስደገፈችበትም።

"ሚስተር ጉች፣ አባቴ የተነሣው ከአያትዎ ቤት ላይ መሆኑን ሰማሁ። እሱ ያወቀ አይመስለኝም። ያኔ ማንም አልጠየቃችሁም። ስለዚህ ዛሬ እኔ ልጠይቅ መጣሁ። ልግባ?"

ክላይቭ ቁልቁል እግሯን አየ።

"በዚህ ጫማ?"

"ሌላ አልያዝኩም።"

"ስንት ቁጥር ነው?"

ነገረችው። ፊቱን አዙሮ ወደ ቤቱ ሄደ። በሩ እንደተዘጋ ነው።

"አለቀልን" አልኩ በሹክሹክታ።

"አላለቀም፣ አክስቴ" አለች ፍሬያ፤ ፈገግ ብላለች። "ዝም ብሎ የሰው ጫማ ቁጥር የሚጠይቅ አለ?"

ሲመለስ የሟች ሚስቱን የጭቃ ቦቲ ይዞ ነበር። ተንበርክኮ አጠለቀላትና በሩን ከፈተ። ማጠፊያው ዝጎ ኖሮ እንደ በግ ጮኸ።

አዲስ በተዘራው ገብስ ዳር ዳር ሄድን። ጫፉ ላይ ኮንክሪቱ ተሰነጣጥቆ ሣር በቅሎበታል። ካርሊን ቆመች፤ ንፋሱ ፊቷን ይመታታል።

"የቆሙት ምድጃው የነበረበት ላይ ነው" አላት ክላይቭ ቀስ ብሎ።

ካርሊን ደንግጣ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ፈቀቅ አለች።

"አይ፣ ይቁሙ" አላት። "ሲሞቅ የኖረ ቦታ ነው።"

መልሳ ቆመችበት። እጇን ዘረጋች፣ ክላይቭም ያዘው። ፍሬያ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ እንባዋ እንዳይታይ የማሳውን ጭቃ የምትመረምር መሰለች። መሐረቤን ሰጠኋት፤ ለካ ለዚህ ኖሯል ያዘጋጀሁት።

ከማሳው ስንወጣ ሬጅ ወረቀቱን መኪናው ላይ ዘርግቶ፣ ብዕሩን ይዞ ይጠብቃል።

"'ተማሪዋ ያከናወነችው ተግባር' ይላል። ምን ብዬ ልጻፍ? 'የሁለቱን ሕዝቦች የቆየ ወዳጅነት…'"

"በር አስከፈተች ብለህ ጻፍ፣ ሬጅ" አለው ክላይቭ ቦቲዎቹን ሣር ላይ እየጠረገ። "ያንን ሦስት ገጽ ሰምቼዋለሁ።"

ሬጅ እንደተባለው ጻፈ፤ ፈረመም። ዓርብ ጠዋት እኔና ፍሬያ በመጀመሪያው አውቶቡስ ወረቀቱን ኖሪች አደረስነው። የተቀበለችን ሴት አንብባው ፍሬያን ቀና ብላ አየቻት።

"የምን በር?"

"ጊዜ ካለሽ ልንገርሽ" አለች ፍሬያ፣ ወንበር ስባ እየተቀመጠች።

በሳምንቱ ክላይቭ አያቱ ከፈረሰው ቤት ደጃፍ የቆመችበትን ፎቶ በዱቄት ከረጢት ጠቅልሎ ማማው ድረስ መጣ። ትኬት ልቁረጥልህ ስለው ተቆጣኝ።