በሊትር ሠላሳ

"ዘወር በይ፣ አንቺ የሰይጣን ጥገት!"

ሹፌሩ ገበያው አንገቱን በመኪናው መስኮት አስግጎ ጮኸ። ላሚቱ ጆሮዋን እንኳ አላነቃነቀችም። ዕለቱ የወረታ ገበያ ስለሆነ ከይፋግ የሚመጣው አስፋልት ከዳር እስከ ዳር ከብት ለብሷል፤ ቢቆጠር ከመቶ ሺህ አያንስም፤ እበቱ ብቻ አንድ ቀበሌ ቤት ይለስናል። ለሲኖትራክ በርግጎ ቦይ የሚገባው ይህ ሁሉ ከብት ለገበያው መኪና ግን የዝንብ ያህል ክብር አልሰጠም። መኪናዋ ሃይብሪድ ናት፤ ቀስ ስትል የቤንዚን ሞተሯ ይጠፋና በባትሪዋ እየተሳበች ኮሽታ ሳታሰማ ትሄዳለች። ከብት ደግሞ ያልሰማውን አይፈራም።

"ድምጿ ጠፋሳ፤ ሞተች እንዴ?" አሉ ከጎኑ የተቀመጡት ቄስ ኪዳነ ማርያም፣ ጃንጥላቸውን በጉልበታቸው መሃል እንደያዙ።

"እሷ የምትሞት? አባቴ፣ አሁን እኮ አንዲት ጠብታ ቤንዚን አትቀምስም! በቅሎ በሏት፤ ግማሿ ባትሪ፣ ግማሿ ቤንዚን።"

"በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት፣ እናቴ ፈረስ ናት አለች" ብለው ቄሱ ፊታቸውን ወደ ሩዙ ማሳ አዞሩ።

ገበያው ተረቱን እንደ ምርቃት ቆጠረው። ዕድሜው ሃምሳ ሁለት ነው። ሃያ ዓመት አይሱዙ ነድቷል፤ እሱን ከጠየቁት ግን አርባ ነው። ይህችን ያገለገለች ትንሽ መኪና ከገዛ ስምንት ወሩ ሲሆን፣ በሊትር ሠላሳ ኪሎ ሜትር እንደምትሄድ ከወረታ እስከ ባሕር ዳር ያልሰማ ሰው የለም፤ ካለም ደንቆሮ ነው። መናኸሪያ ውስጥ "ሠላሳው" የሚል ስም ወጥቶለታል። በዚህ ስም ሲጠሩት ደረቱ በአንድ ጊዜ ሁለት ቁልፍ ይበጥሳል።

ማስረጃው ሁልጊዜም ከፊቱ ነበር። የዳሽቦርዱ ጽሑፍ የጃፓን ነው፤ ዶሮ የጫረችው ይመስላል። በዚያ ጭረት መሃል ግን ሰው የሚያነበው አንድ ቁጥር አለ። ጠዋት አሥራ አራት፣ ረፋድ ላይ ሃያ ሁለት፣ ቀትር ላይ ሃያ ዘጠኝ፣ ሠላሳ። መኪናዋ የደብረ ታቦርን ዳገት ስትወጣ ቁጥሩ ይወርዳል፤ ወደ ፎገራ ሜዳ ስትወርድ ይወጣል። ከቁጥሩ ራስጌ ያለችው ትንሽ ክብ የቤንዚን ጠብታ ናት። አጠገቧ ያለችው "ሲ" ደግሞ ሲሊንደር ማለት ናት። ይህን ማንም አላስተማረውም፤ በገዛ ጭንቅላቱ ነው የደረሰበት።

"ዛሬ እህቴ አማከለችም እንዲህ ያለችዋን ልትይዝ ነው" አለ፣ በሁለት በሬ መሃል እየተሹለከለከ። "ባሏ ከሞተ ወዲህ በሦስት ጥገት ነው የምትተዳደር። ሦስቱንም ዛሬ ትሸጥና ለደላላው ለሰውመሆን ቀብድ ትከፍላለች። የቀረው በብድር። ሹፌር ቀጥራ በኮንትራት ታሠራታለች። የመከርኳት እኔ ነኝ።"

"ሦስቱንም ጥገት?"

"በሊትር ሠላሳ እኮ ነው አባቴ! ወተት የት ይደርሳል?"

"ሐሳቧን ብትለውጥስ፣ ቀብዱ ይመለሳል?"

"ከሰውመሆን? እሱ የዋጠውን ጅብም አያስተፋው።"

ወረታ ሊገቡ ትንሽ ሲቀራቸው መንገዱ ተዘጋ። የሩዝ ገለባ የጫነ መኪና ትንሿ ድልድይ ላይ ጎማው ፈንድቶ ተጋድሟል። ከኋላው ባጃጁ፣ ጋሪው፣ አህያው፣ ከብቱ ተደፍጥጦ ቆመ። ፀሐዩ ጭንቅላት ይበሳል። ከብቱ ይሸናል፤ ዝንቡ ከከብቱ ሽንት ተነስቶ በቀጥታ ሰው ከንፈር ላይ ያርፋል። ገበያው ሞተሩን አጥፍቶ፣ ቄሱ እንዲያዩት የዳሽቦርዱን ቁጥር ብቻ አብርቶ ተወላቸውና ወረደ። የጭነት መኪናውን ሹፌር ክሪክ እንዴት እንደሚገባ ሲያስተምር፣ አይሱዙን በአንድ እጁ አንስቶ ጎማ እንደቀየረም ሲተርክለት ሦስት ሩብ ሰዓት አለፈ። ሹፌሩ መጨረሻ ላይ "ሂድልኝ በማርያም" ሲለው ተመለሰ።

"ገበያው" አሉ ቄሱ። "ስትወርድ ሃያ አምስት ይል ነበር። አሁን ሃያ ዘጠኝ ይላል።"

"አዩዋት! እየቆጠበች እኮ ነው!"

"ቆማ?"

"ምን አሉኝ?"

"አንዲት ስንዝር ሳትሄድ በሊትር ሃያ ዘጠኝ ሄደች?"

ገበያው አፉን ከፈተ። በሃምሳ ሁለት ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዚያ አፍ ምንም አልወጣም። ዝንብ ግን ገባ።

ቄሱ ጎንበስ ብለው በጣታቸው እየጠቆሙ ቀጠሉ፦ "ይህች ክብና ይህች ቆልማማ ነገር አዲስ አልሆኑብኝም። ባለፈው ወባ ይዞኝ ጤና ጣቢያ ስተኛ፣ ነርሷ ብብቴ ሥር የሸጎጠችው ዕቃ ላይም ነበሩ። እኔ ሠላሳ ዘጠኝ ብያለሁ። እንግዲህ ከመኪናህ እኔ እሻላለሁ በለኛ።"

ገበያው እጁን ዳሽቦርዱ ላይ ቢያሳርፍ አቃጠለው። ጠዋት፣ ጤዛው ሳይረግፍ፣ አሥራ አራት። ቀትር ላይ ሠላሳ። ደብረ ታቦር ብርዱ፣ ፎገራ ሙቀቱ። ዝናብ የጣለ ቀን ቁጥሩ ዝቅ ሲልበት "ጭቃው ነው" ይል ነበር። ስምንት ወር ሙሉ በመናኸሪያው የቸረቸረው የፎገራን ፀሐይ ኖሯል።

ሌላ ቁጥርም ነበረ፤ እሱን ላለማየት ስምንት ወር አንገቱን አጣሞ ኖሯል። ቤንዚን በቀዳ ቁጥር ትንሿን ቆጣሪ ዜሮ ያደርጋታል፤ ለኪሎ ሜትሩ ብሎ አይደለም፣ ሌባ ልይዝ ብሎ ነው። ማደያው ሲደርቅ በጀሪካን የምትሸጥለት ደብሬ የምትባል ሴት አለች። ትናንት ጠዋት የቤንዚኑ መብራት ሲበራ አምስት ሊትር ቀድታለታለች። ዛሬም የቤንዚኑ መብራት ብልጭ ብልጭ እያለ ነው። ቆጣሪዋ ሰማንያ አንድ ትላለች።

ሰማንያ አንድ ለአምስት። ልጅ የሚያሰላው ሂሳብ ነበር። አሥራ ስድስትና አንዲት ጠጉር።

ሠላሳው አልሞላ ባለ ቁጥር መናኸሪያው መሃል ቆሞ ደብሬን "ውኃ ቀላቃይ፣ የጀሪካንሽን ሆድ ያስገባሽ ሌባ" ሲላት ነው የከረመው። እሷ ግን አንድ ቀን እንኳ አልጮኸችበትም፤ ሊትሩን ደግማ እየለካች ታሳየው ነበር። ትዝ ሲለው በመስኮት እንትፍ አለ። ምራቁ መረረው። የገዛ ምላሱ አፉ ውስጥ እንደገባ የሌላ ሰው ካልሲ ቀፈፈው።

"እህትህ በስንት ሰዓት ነው የምትሸጥ?" አሉ ቄሱ።

ደወለላት። አማከለች ግን ገበያ ስትወጣ ስልኳን ቤት ነው የምትተው፤ ሌባ ፈርታ። ጠራ፣ ጠራ፣ ቆመ።

ያ የጭነት መኪና እስኪነሳ ገበያው ሦስት ጊዜ ያረጀ ያህል ነው። መንገዱ ሲከፈት ጥሩምባውን ነፍቶ፣ አህያ ገፍቶ፣ የሰውን ሁሉ እርግማን ተሸክሞ ከብት ተራው ደረሰ። ተራው በእበት፣ በሽንትና በላብ ይከረፋል። ደላሎቹ ሰውንም ላምንም እኩል ዳሌ ዳሌውን እየመቱ ያሻሽጣሉ። በዚያ ግርግር መሃል አማከለችን አያት። ሦስቱ ጥገቶቿ ተሰልፈው ቆመዋል። የሁለቱን ገመድ ከብት ነጋዴው አቶ አድማሴ ይዟል። እሷ ከሦስተኛዋ ላም ኋላ ጎንበስ ብላ ጅራቷን ይዛለች።

የአገሩ ሰው ያውቀዋል፤ የሸጠች ሴት ከመጨረሻዋ ላሟ ጅራት ሦስት ጠጉር ነጭታ ታስቀራለች፤ ረድኤቱ ከቤት እንዳይወጣ ነው። ሦስተኛው ጠጉር ከተነጨ በኋላ ሽያጭ አይፈርስም።

"እታለም! ቆይ! አትሽጪ!"

ቀና አለች። "መጣህ ወንድምዓለም? ዋጋውን ብነግርህ አታምነኝም፤ ቀብዱ ሞልቶ ይተርፋል።"

"መኪናው ይቅርብሽ።"

"ለምን?"

አሁን ነበር የሚለው። ግን ደላሎቹ ዞረው እያዩት ነው፤ የባጃጅ ሹፌሮቹ አሉ፤ አንዱ ገና ከሩቅ "ሠላሳው መጣ!" ብሏል። ምላሱ በለመደችው መንገድ ሾልካ ወጣች።

"የሰውመሆን መኪና... የተሰረቀ ነው። የሦስት አገር ፖሊስ ይፈልገዋል።"

"ሰውመሆንን እንደ እናቴ ልጅ አውቀዋለሁ ያልከኝ አንተው አይደለህ?"

"ባትሪውም ይፈነዳል! ጎንደር ላይ አንዱ ሰፈር ሙሉ..."

"ያንተው መቼ ፈነዳ?"

አማከለች እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። ሲያሳድጉ የኖሩትን ልጅ ሌባ ሆኖ እንዳገኙት ዓይነት አስተያየት ነበር።

"ገባኝ" አለች። "ቀንተህ ነው። አባታችን መሬቱን ሲያካፍል ሜዳውን ለአንተ፣ ድንጋዩን ለእኔ እንዲሰጥ ያሳመንከው አንተ ነህ። ዝም አልኩ። ዛሬ ደግሞ እኔ ሴቲቱ መኪና ልይዝ ስል ዓይንህ ቀላ።"

ጎንበስ አለች። አንድ ጠጉር ነጨች። ላሚቱ እግሯን አነሳች። ሁለተኛውን ነጨች።

"ውሸቴን ነው!" አለ ገበያው።

"የትኛው?" አለ አንዱ ደላላ፣ ሰውም ሳቀ።

"ሠላሳው። ያ ቁጥር የመኪናዋ አይደለም፤ የሙቀት ነው። የፀሐይ ነው። ዛሬ ቆማ ስትጠብቅ ሃያ ዘጠኝ ገባች። አባ ይመስክሩ።"

ቄስ ኪዳነ ማርያም ጃንጥላቸውን ዘርግተው ከኋላው ደርሰው ነበር። "እውነት ነው" አሉ ባጭሩ።

ሳቁ ከከብት ተራው ተነስቶ ፍየል ተራውን አዳርሶ ጣና ዳር ድረስ ተሰማ። አንዱ የባጃጅ ሹፌር መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ነው የሳቀው። "በለው! ሰውዬው ለካ ስምንት ወር ሙሉ የአየር ትንበያ ሲነግረን ነው የኖረ!" ገበያው በላብ ተጠመቀ። አማከለች አልሳቀችም።

"እውነቱ ስንት ነው?" አለች፤ ጅራቱን አለቀቀችም።

ሃያ ቢልስ? ሃያ ያምራል። ሃያ ሰው ፊት ያስቆማል፤ ከሠላሳ ወርዶ ሃያ ላይ ማረፍ ውርደት አይባልም፤ ቆጣሪዋንም ከእሱ በቀር ያያት የለም። ከንፈሩ "ሃ" ለማለት ተከፍቶ ነበር። ሁለቱን ጠጉር በጣቶቿ መሃል አያቸው፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ጥቁር።

"አሥራ ስድስት" አለ።

እህቱ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አሰበች። ወተት ስትሰፍር የኖረች ሴት ናት፤ ስሌት አይከብዳትም። "በአሥራ ስድስት ሹፌርም አልከፍል፣ ብድርም አልከፍል" አለችና ጅራቱን ለቀቀች። "አቶ አድማሴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ላሞቼን አልሸጥም።"

"ምን ማለትሽ ነው? ጠጉር ተነጭቶ?"

"ሁለት ነው የነጨች" አሉ ቄሱ። "ብርህም ኪስህ ነው። ልቀቅላት።"

አቶ አድማሴ ገመዶቹን መሬት ላይ ወረወረና ገበያውን ገላመጠው። "አንተ ሰው አይደለህም፤ ጥሩምባ ነህ" ብሎት ሄደ። ስድቡ ልኩ ነበር፤ እንዲያውም ሰውየው ቀንሶለታል።

አማከለች ገመዶቹን ከእበቱ ላይ ለቀመች። አላመሰገነችውም። አልረገመችውምም። ሦስት ጥገት ለአንድ ሰው በገበያ ግርግር መሃል መንዳት ከባድ ነው፤ ቀበሌዋ ደግሞ ሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ሁለቱን ጎትታ ሦስተኛዋን በዓይኗ ትፈልጋት ጀመር።

"ሠላሳው!" ያለ ድምፅ ከመንገዱ ዳር መጣ። ሱፍ የለበሰ ሰው ቦርሳውን ይዞ እጁን ያውለበልባል። ነገሩን ገና አልሰማም። "ባሕር ዳር በኮንትራት! ያልከኝን እከፍልሃለሁ፣ እንሂድ!"

ገበያው ጠዋት ያስጠረገውን ጫማውን አየ። ሦስተኛዋ ላም ገመዷን እየጎተተች ጭቃው ውስጥ ቆማለች። ጭቃው ጭቃ ብቻ አይደለም። ገባበት፤ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሰመጠ፤ ገመዱን አነሳ።

"ሌላ ፈልግ ወንድሜ" አለ ወደ ኋላው ሳይዞር። "የእኔዋ ጠጪ ናት።"