ጄኔዚዮ ተሰናብቶ አይጨርስም

በእኛ በሚናስ ገጠር እንግዳ «በሉ ልሂድ» ሲል እውነት ይሄዳል ብሎ የሚያምን ቢኖር ከትልቁ ከተማ ከሳኦ ፓውሎ የመጣ ሰው ብቻ ነው። መጀመሪያ ሶፋው ላይ እንደተቀመጠ ይሰናበታል፣ ቀጥሎ ሳሎኑ በር ላይ፣ ከዚያ ዋናው ጨዋታ በሚደምቅበት በግቢው በር። እኔማ ቶሎ ያለቀ ስንብት እንደ ኩርፊያ ነው የምቆጥረው።

የዚያን ቀን ግን ስንብቱ አንጀቴን አሳረረው። የሰፈራችን መካኒክ ጄኔዚዮ ለሥራ ርቆ ወደ ጎያስ ሊሄድ ነው፤ አውቶቡሱ አመሻሽ ላይ በደጃችን ያልፋል። የወንድሜ ልጅ ሊንዳውራ ትወደዋለች። አባቷ፣ ወንድሜ ዲርሴው ደግሞ «ሳይጠይቀኝ ከሄደ እንዳትጠብቂው» ብሎ ቁርጡን ነግሯታል። ጄኔዚዮም ለዚሁ መጥቶ አንድ ሰሃን የአይብ ዳቦ ጥርግ አድርጎ በላ፤ ስለ ጋብቻ ግን ትንፍሽ አላለም።

«በሉ ጋሽ ዲርሴው፣ ልሂድ» አለ ባርኔጣውን እያሻሸ።

«ምነው፣ ገና በጊዜ!» አለ ወንድሜ እንደ ደንቡ።

ሳሎኑ በር ላይ ጄኔዚዮ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልልዎት ነበር...»

«በል እንጂ!»

«ላሚቱ... ወለደች?»

ሊንዳውራ ከኋላ ቆነጠጠችኝ። «አክስቴ፣ ይሄ ሰውዬ ሊገድለኝ ነው!»

«ዝም በይ፣ የግቢው በር ይቀረዋል» አልኳት።

የግቢው በር ላይ ስለ ዝናቡ ተወራ፣ ስለ ቄሱ አዲስ መኪናም ተወራ። ጄኔዚዮን ላብ አጠመቀው። በዚህ መሃል አውቶቡሱ ደርሶ ጡሩንባውን ነፋ።

«ጨርስ እንጂ ጄኔዚዮ፣ እዚህ ልታሳድረን ነው?» አለ ሹፌሩ።

ጄኔዚዮ አንድ እግሩን የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ አደረገ። ሊንዳውራ እንባዋ መጣ፤ እኔም አለቀልን አልኩ። ያኔ ዞር አለና ሁለት እጁን ወደ ወንድሜ ዘረጋ።

«ይባርኩኝ፣ አባቴ» አለ።

በእኛ ዘንድ ሲለያዩ ምርቃት የሚጠይቀው የቤት ልጅ ነው፤ እንግዳ «ደህና ሁኑ» ብሎ ይሄዳል። ወንድሜ እንደ አባት ከመረቀው ልጁን ሰጠ ማለት ነው፣ ያውም አውቶቡስ ሙሉ ሰው እየሰማ።

ዲርሴው ጢሙን ነካካ። ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ። አንዲት አሮጊት በመስኮት ብቅ ብለው «ኧረ መርቀው፣ ምን ዓይነት ጨካኝ ነህ!» ብለው ጮኹበት።

ወንድሜ እጁን እንዲስም ዘረጋለት።

«እግዜር ይባርክህ፣ ልጄ» አለው። ወዲያው ደግሞ ጀርባውን ገፋ አደረገው። «አሁን ግባ፣ ሰው አታስቁም! ለገና ካልመጣህ ጎያስ ድረስ መጥቼ በጆሮህ እጎትትሃለሁ!»