የነጅሚያ ደም ስር በሽማግሌ ፊት

ከጋፋት እስከ ዋንዛዬ የፈረሰ ትዳር ሁሉ የተጠገነው በእኔ በሙላቴ አፍ ነው። እኔ አፌን ስከፍት ዳኛ ሥራ ይፈታል። ደብረ ታቦር ላይ ቆርቆሮ ቀጥቃጩ ኸድርና ሚስቱ ነጅሚያ ሲጣሉም ከሽማግሌው ሁሉ ቀድሜ የደረስኩት እኔ ነኝ። መቼም ሰው እስኪጠራኝ አልጠብቅም።

ኸድር ግቢው ውስጥ የበር ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥ ይውላል። ነጅሚያ ደግሞ ግማሽ ራሷን ይዛ ታስመልሳለች፤ ብርሃን አታሳዩኝ ትላለች። በመጨረሻ ወንድሟ ቤት ገባችና "መዶሻው ከግቢ ካልወጣ አልመለስም" አለች።

"ሥራ ጠልታ ነው" አልኩ። "ባሕር ዳር ትሂድና የራሷ ደም ስር በመሣሪያ ፎቶ ይነሣ። በሽታ ከታየ ኸድር ሥራውን ወደ ገበያ ያወጣል። ካልታየ ትመለሳለች፤ ሁለተኛም 'ራሴን አመመኝ' አትልም።"

ሌላ ሴት ብትሆን ታቅማማ ነበር። የነጅሚያ ፊት ግን በራ። "ይነሣ! ይሄን የሚያህል ሕመም እንዴት አይታይም?" ብላ ከሽማግሌዎቹ በአንዱ፣ በሐጅ ጀማል ፊት "ካልታየ እመለሳለሁ፤ ሁለተኛም ራሴን አልልም" ስትል በወላሂ ማለች።

ፊልሙ መጣ። ከእኔ በቀር ማን ይይዘዋል? ወደ ፀሐይ ቀና አድርጌ መረመርኩት። ሐኪም አንድ ቀን የሚፈጅበትን እኔ በአንድ ዓይኔ ጨረስኩት።

"ደም ስሯ አንድ ናዳ እንኳ የለበትም! የእብናት መንገድ እንዲህ ቢጠረግ ቁርስ በልተን ሳንጨርስ እንደርስ ነበር።"

የሽማግሌው ሳቅ ጉና ተራራ ድረስ ተሰማ።

"አያ ሙላቴ፣ ሐኪሙ እኮ ነግሮኛል" አለች ነጅሚያ፣ ድምፅዋ ቀጥኖ። "ማይግሬን የሚሉት የራስ ምታት በፎቶ አይታይም አለኝ። የሚነሣው ሌላ ክፉ ነገር እንዳለ ለማየት ነው። መድኃኒት ሰጠኝ፤ ከጩኸትም ራቂ አለኝ።"

"የማይታይ ከሆነ ለምን ማልሽ?"

"አላውቅም ነበራ!"

"አሁን አወቅሽ። ተነሺ።"

ሐጅ ጀማል "ቀስ በል እንጂ ሙላቴ፤ የሐኪሙንም ቃል እንስማ" አሉ።

"ሐጅ፣ የማለችው እኮ አንቱ ፊት ነው" ስላቸው አቀረቀሩ። የሐጅን አፍ የዘጋ ሰው በደቡብ ጎንደር እኔ ብቻ ነኝ።

እኔው ከፊቴ እየነዳሁ ቤቷ አስገባኋት። ኸድር ቆርቆሮውን ዘርግቶ መቀጥቀጥ ጀመረ። ነጅሚያ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች፤ ቀስ እያለች ተንሸራታ ቁጭ አለች፤ ከዚያ ግንባሯን መሬት ላይ ደፋች። አስመለሳት። "ራሴን" ግን አላለችም።

ኸድር መዶሻውን አቆመ። "ነጅሚያ፣ ራስሽን ነው?"

ቀና አለች። ያየችው እሱን ሳይሆን እኔን ነው፤ ግራ ዓይኗ ተጨፍኖ እንባው ይወርዳል።

"ጤነኛ ነኝ" አለችው። "ፊልሙን አላየኸውም?"

ማስታረቅ ማለት ይሄ ነው! የባሕር ዳር መሣሪያ ያላዳናትን እኔ በአንድ ቀን አዳንኳት።

"ምን ይገትርሃል?" አልኩት ኸድርን። "ምታ እንጂ!"

መታ።